የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ውል ነው፤ ውሉም መታወቅ አለበት

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል አገሬው ሲተርት። ከሰከላ ተራሮች ሥር ከግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣው ውሃ ጣና ገብቶ፣ በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ተወርውሮ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ሲወርድ «ፈቃድህን አሳይ» የሚለው የለም። የዚህኑ ምንጭ ስም በያዘው የባሕር ዳር ክፍል የሚኖረው የግሽ ዓባይ ሠራተኛ ግን የወንዙ ዕድል የለውም። ድንበር የተሻገረ ዕለት ማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ መጣና እስከ መቼ እንደሚቆይ ይጠየቃል። የሚመልስለትም በእጁ የያዘው ወረቀት ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች ሁሉ የበለጠ የሚፈለገው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ተብሎ የሚታወቀው ነው።

ይህ ወረቀት በሰፈራችን ከ30 ዓመት ላላነሰ ጊዜ የቡና ላይ ወሬ፣ የእድር ላይ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። «እገሌ ዲቪ ደረሰው» የተባለ እንደ ሆነ እልልታው ይቀልጣል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ዘመድ ከየገጠሩ ይሰበሰባል። ዳሩ ግን ለመሆኑ የደረሰው ምንድን ነው? ምን መብት አገኘ? ምን ግዴታ ገባ? ምን ቢያደርግ ይጸናለታል? ምን ቢያጓድል ይወሰድበታል? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይታይም። የደላላው ገበያ የሚደራውም በዚሁ አለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የቀበሌ ነዋሪዎች ለነገሩ መሠረተ ሐሳብ እንግዳ አይደሉም። ከሰከላ ወይም ከዳንግላ ተነሥቶ ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር የገባ ሰው ቤት ተከራይቶ ስላደረ ብቻ የቀበሌው ነዋሪ አይባልም። ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያመጣል፤ ፎቶግራፍ ያቀርባል፤ አድራሻውን ያስመዘግባል፤ ከዚያም መታወቂያ ይሰጠዋል። መታወቂያው ጊዜው ሲያልፍ ያሳድሳል። በሰው አገር የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድም በአሠራሩ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ይኸውም፣ መሸኛ ይዞ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዛወረው ሰው በገዛ አገሩ ልጅነቱ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው ግን የሚቀበለው መንግሥት በወሰነው ልክና በጻፈው ሕግ ብቻ የሚገባ መሆኑ ነው።

የተቀባይ አገሮች ሕግ ገቢውን ሰው በጠቅላላው በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ለጊዜው ገብቶ የሚወጣው ነው። ጎብኚ፣ ተማሪና በውል የተቀጠረ ሠራተኛ ከዚህ ወገን ናቸው። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን በዚሁ መዝገብ የሰፈርን ነበርን። በየዓመቱ ሰልፍ ይዘን የምናሳድሳት ወረቀት ነበረችን፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ወረቀቷም አበቃች፤ እኛም ወደ አገራችን ተመለስን። ሁለተኛው ቋሚ ነዋሪው ነው። እርሱ የመውጫ ቀን አልተቆረጠለትም። በመረጠው ከተማ ይኖራል፤ ካገኘው አሠሪ ጋር ይዋዋላል፤ አሠሪው ቢበድለው ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል። ሠራተኛው አንባቢያችን የዚህን የመጨረሻውን ቁም ነገር ክብደት ይረዳል ብለን እናምናለን።

ይህን ለመረዳት ብዙ ወገኖቻችን የተሰደዱባቸውን የዓረብ አገሮች ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በዚያ ከፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛው መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ሆኖ ቆይቷል። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች የቤት ሠራተኛ መኖሪያዋንም በዚያው ታጣለች፤ ዐሥር ዓመት ብታገለግልም አገልግሎቷ ብቻውን ቋሚ ነዋሪ አያደርጋትም። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተጠርዘው መመለሳቸው የሚታወስ ነው። ያው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ለውጭ ሰዎች ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ሲፈቅድ ጊዜ ያልተወሰነለትን ፈቃድ ዋጋ 800,000 ሪያል አደረገው። በሩ የተከፈተው ለባለ ገንዘቡ ነበር። ወለል ስትወለውልና ሕፃን ስታሳድግ የኖረችው እኅታችን ከበሩ ውጭ ቀረች።

ቋሚ ነዋሪነት በሚፈቀድባቸው አገሮች የመግቢያው በሮች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ተቀባዩ አገር የሚፈልገው ሙያ ነው። ሦስተኛው ጥገኝነት ሲሆን፣ በአሜሪካ ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት ይችላል። ካናዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ትምህርትን፣ ቋንቋን፣ ዕድሜንና የሥራ ልምድን በነጥብ እየመዘነች ትቀበላለች። አራተኛው በር፣ በእኛ ሰፈር ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የሚነሣው፣ ዕጣ ነው።

ዲቪ የሚባለው የዕጣ ፕሮግራም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። አሁን በምናውቀው መልኩ የጀመረው ለ1995 የበጀት ዓመት ነው። የሕጉ ሐሳብ ባለፉት አምስት ዓመታት ወደ አሜሪካ ጥቂት ሰው ብቻ ለላኩ አገሮች ሰዎች ዕድል መስጠት ነው። ከ50,000 በላይ የላከ አገር ከዕጣው ይወጣል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ ፕሮግራም ጀምሮ በዚህ ምክንያት ወጥታለች። በሕጉ በዓመት ለመላው ዓለም የተመደበው ቪዛ ከ55,000 አይበልጥም፤ ለአንድ አገርም ከዚህ ከመቶ 7 በላይ አይሰጥም። ከመቶ 7 ሲሰላ 3,850 ይሆናል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ባለ ዕጣው ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚሄዱት ሚስቱና ልጆቹም ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። «ዲቪ ደረሰው» ማለት ቪዛ አገኘ ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታት በአንድ ዙር ዕጣ የሚወጣላቸው ሰዎች ከነቤተሰቦቻቸው ከ100,000 በላይ ሲሆኑ፣ ቪዛው ግን ከላይ የተጠቀሰው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራ ያዘ ማለት ነው። ተራውም ቁጥር አለው፤ የቁጥሩ ሰዓት ሳይደርስ የበጀት ዓመቱ ካለቀ ነገሩ በዚያው ይቀራል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ገደማ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍ ተራ የለም።

ተራው የደረሰለትም ቢሆን መመዘኛውን ማሟላት ይጠበቅበታል። የ12 ዓመት ትምህርት ያጠናቀቀ፣ አለዚያም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና ወይም ልምድ በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት የሠራ መሆን አለበት። ዝርዝር የማመልከቻ ቅጽ ይሞላል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርትና ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጹ ማስረጃዎች ያቀርባል። የጤና ምርመራ ያደርጋል። ከዚያም በአዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርቦ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። ለዚሁ ለእያንዳንዱ ሰው 330 ዶላር ይከፈላል፤ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ግሪን ካርዱ ለሚዘጋጅበት 235 ዶላር አለ። የአውሮፕላኑ ቲኬት ሌላ ነው። አምስት ራስ ቤተሰብ ያለው የፋብሪካ ሠራተኛ ይህን በብር መንዝሮ ከደመወዙ ጋር ያስተያየው።

የዕውቀት ማነስ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማሳየት አንዲት የሰፈራችንን እናት ጉዳይ እንጥቀስ። ታሪኩን የሰማነው ከራሷ አንደበት ነው። ሴትዮዋ ዲቪ የተሞላላት በአንድ ኮምፒዩተር ቤት ነበር። የሞላላት ሰው «ልጅ ካለሽ ነገሩ ይከብዳል፤ ያላገባች ብለን እንለፈው» አላት። የሰባት ዓመት ልጇ ስም በዚሁ ሳይገባ ቀረ። ዕጣው ወጣላት። እናትዬዋ ከወንድሟ ተበድራ፣ የወርቅ ሐብሏን ሸጣ፣ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ወረደች። ሕጉ ግን በምዝገባው ቀን የነበረ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅ ሁሉ መመዝገብ እንዳለበት ያዝዛል፤ አብሮ የማይሄድ እንኳ ቢሆን ከመመዝገብ አይቀርም። ከምዝገባው በኋላ የተወለደ ልጅ ወይም የተፈጸመ እውነተኛ ጋብቻ በማስረጃ ሊጨመር ይችላል፤ በጊዜው የነበረውን መደበቅ ግን ጉዳዩን ከሥሩ ያፈርሰዋል። እርሷም በመስኮቱ በኩል ይኸው ተነገራት። የሞላላት ሰው ግን አንዳች አልጎደለበትም። ሐብሏ ተሸጧል፤ ዕዳው ገና እየተከፈለ ነው። «ልጄን ደብቄ ልሄድ ነበር መሰለኝ» ስትል እንባ ተናነቃት። ጥፋቱ የእርሷ ብቻ ነው ለማለት እኛ ድፍረት የለንም። ሕጉን በሚገባት ቋንቋ ያነበበላት ሰው አልነበረም።

የደላላው ስልት በዚህ አያበቃም። የምዝገባው የማረጋገጫ ቁጥር ለተመዝጋቢው መሰጠት ሲገባው ደላላው በኪሱ ያስቀረዋል። ዕጣ መውጣት አለመውጣቱ የሚታየው በዚያ ቁጥር ብቻ ነውና፣ ቁጥሩን የያዘ የሰውየውን ዕድል ያዘ ማለት ነው። ዕጣው የወጣ እንደ ሆነ «ይህን ያህል ክፈል» ይላል፤ አለዚያም «ይህችን ሴት ሚስት አድርገህ አስገባ፤ ወጪህን ቤተሰቧ ይችላል» ይላል። ይህ የወረቀት ጋብቻ በአሜሪካ ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነው። በሐሰት ማስረጃ የተያዘ ሰውም ለዘለቄታው ከመግባት ሊታገድ ይችላል። አንድ ሰው በአንድ ዙር ከአንድ ጊዜ በላይ ቢመዘገብም ይሰረዛል። ሦስት ቦታ የከፈለ ሰው ዕድሉን ሦስት እጥፍ ያሳደገ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያደረገው በገዛ ገንዘቡ ስሙን ማሰረዝ ነው። ምዝገባው ራሱ ለብዙ ዓመታት ያለ ክፍያ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የተደነገገው ክፍያም 1 ዶላር ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የሚጠየቀው ሁሉ የደላላው እንጂ የሕጉ አይደለም።

ይህን ሁሉ አልፎ የገባውስ? ውሉ የሚጀምረው እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው። ግሪን ካርዱ የሚታደሰው በየዐሥር ዓመቱ ነው። ባለ ካርዱ ግብር ያስታውቃል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ በወታደራዊ ምልመላ መዝገብ ይመዘገባል። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ ቢሰጥ ወንጀል ይሆንበታል። በአንዳንድ ወንጀሎች ከተፈረደበትም ካርዱ ተነጥቆ ሊባረር ይችላል። መኖሪያ የተሰጠው እንዲኖርበት ነውና፣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ከአገሩ ውጭ የቆየ ሰው መኖሪያውን ሊያጣ ይችላል። ካርዱን በሣጥን ቆልፎ ባሕር ዳር እየኖረ በየሁለት ዓመቱ ብቅ ማለት ይበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ካናዳም በዚህ ረገድ ሕጓን በቁጥር አስቀምጣለች፤ ቋሚ ነዋሪ በየአምስት ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን በአገሯ መኖር አለበት።

ከሁሉ ይልቅ በቤተሰብ መካከል ቅሬታ የሚፈጥረው ግን ሌላ ነው። እናት ልጇን ስትሸኝ «በዓመቱ ይወስደኛል» ብላ ነው። ወንድምም እንዲሁ። በአሜሪካ ሕግ ቋሚ ነዋሪ ሊያመለክት የሚችለው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው፤ ለእነርሱም ቢሆን ወረፋ አለ። ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድምና ለእኅት ለማመልከት ዜግነት ማግኘት ያስፈልጋል፤ ለዜግነት ለማመልከት ደግሞ በጠቅላላው አምስት ዓመት በቋሚ ነዋሪነት መኖር ይጠይቃል። ስለዚህ ሳይወስዳት የቀረ ልጅ ሁሉ ከዳተኛ አይደለም። ይህን አንድ አንቀጽ አስቀድማ ያወቀች እናት ስንት ሌሊት ከማልቀስ በዳነች ነበር።

የእኛም አገር ሕግ በዚህ ነገር አቋም አለው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በቋሚ ነዋሪነት ውጭ የሚኖር ሰው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ ይቆያል፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ዕለት ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ለእንዲህ ያለው ወገናችን በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ አዘጋጅቶለታል። በዚህ መታወቂያ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያና በደኅንነት መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። እንግዲህ አገር ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ በነዋሪና በዜጋ መካከል መስመር እንደሚያሰምር ከዚህ እንረዳለን።

ባለፉት ወራት የሆነው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የዲቪው ፕሮግራም እንዲቆም መታዘዙን አስታወቀ። በተከታዩ ጥር ወር ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ሰዎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት እንዲቋረጥ አደረገ። ዕጣ ወጥቶላቸው፣ ማስረጃ ሰብስበው ቀን ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ሌላ መንግሥት የከፈተውን በር ያው መንግሥት በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። በሩ ተዘግቶ ሳለ «እኔ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢገኝ የሚሸጠው የሌለውን ነው። ነገ በሩ ተመልሶ ቢከፈትም ዛሬ የተከፈለው ገንዘብ ቅድሚያ አያስገኝም።

ይህን ስንል መሄድን ለማውገዝ አይደለም። ኑሮውን ለማሻሻል የሚነሣ ሰው ነውር አልሠራም፤ የሚቀረውም አላነሰም። እኛ የምንቃወመው በጨለማ መሄድን ነው። መሬቱን የሸጠ፣ ሥራውን የለቀቀ፣ ትዳሩን የፈታ ሰው ይህን ሁሉ ያደረገው ላላነበበው ውል ከሆነ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዕዳው የወንድሙ፣ ልጁ የጎረቤቱ፣ ኀዘኑም የእድሩ ይሆናል።

ስለሆነም የቀበሌው ነዋሪዎችና የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ማኅበራት ሦስት ነገሮችን በእጃቸው ሊይዙ ይገባል። አንደኛ፣ በየእድሩና በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ ማንበብ የሚችሉ ልጆቻችን የመግቢያውን ሕግ ከራሱ ከኤምባሲው መግለጫ እየወሰዱ በአማርኛ ያስረዱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሞላበት ከተማ ለዚህ የሚሆን ሰው አይታጣም። ሁለተኛ፣ በማናቸውም ጊዜ ቅጽ የሚሞላለት ሰው የተሞላውን ሁሉ ያስነብብ፤ የልጆቹና የትዳር ጓደኛው ስም መግባቱን በዓይኑ ይመልከት፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን ሳይዝ ከወንበሩ አይነሣ። ሦስተኛ፣ ቪዛው በፓስፖርቱ ላይ ታትሞ ሳያይ ማንም ሰው ቤቱን አይሽጥ፣ ሥራውን አይልቀቅ፣ በአራጣም አይበደር። በዚህ የተጎዳ ጎረቤት ሲኖርም አፍሮ እንዳይደበቅ እናበረታታው፤ የአንዱ መታለል ለመቶው ትምህርት ይሆናልና።

ያቺ እናት ከሁሉ በኋላ ያለችንን እዚህ ማስፈሩ መልካም ነው። «ወደፊት የሚሞላ ሰው ካለ እኔን ጥሩኝ፤ የልጁን ስም አስገባ ብዬ እነግረዋለሁ» ነበር ያለችን። የእድሩ ዳኛ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታ እንድትናገር ጠይቀዋታል። ከስብሰባው ቀደም ብሎ በየቤቱ ያለው ተመዝጋቢ ሁሉ የማረጋገጫ ቁጥሩ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ፤ በሌላ ሰው እጅ ከሆነም ሄዶ ይቀበል እንላለን።